ጥብቅ ቦታ ላይ ላም ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደቡብ ለንደን ነው። ያደግኩት ግን መንዝ፣ ከጓሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። በፋሲካ ዕረፍት ሦስት ልጆቼን ይዤ ከለንደን በስተደቡብ ወዳለው ቦክስ ሂል የሚባል ኮረብታ ሄድኩ። የጠመኔ ሳር ምድር ነው፣ በአበባና በቢራቢሮ የታወቀ ጥብቅ ቦታ ነው ተብሎ ነበር። ያገኘነው ግን አጭር ሳር፣ ንፋስ፣ የተቆረጠ ቁጥቋጦ ክምር፣ እና ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ጥቁር ላሞች ነው። በእኛ አገር ጥብቅ ከተባለ ከብት አይገባም፣ ዛፍ አይቆረጥም። ይሄ እንዴት ጥብቅ ይባላል? ልጆቹም ‹እንስሶቹ የታሉ?› እያሉ ጨቀጨቁኝ። ደግሞ ጦስኝ ጦስኝ የሚሸት ቅጠል አገኘሁ። ለሻይ መልቀም ይቻላል? እንደገና ብንሄድስ ጥቅም አለው?»

ምላሽ፦

ላሞቹ በስህተት የገቡ አይደሉም። ቤልትድ ጋሎዌይ የሚባሉ የስኮትላንድ ከብቶች ናቸው። የገቡትም ሆን ተብሎ፣ ለሥራ ነው። እነሱ ወጥተው ቦታው ቢዘጋ ቁጥቋጦው በጥቂት ዓመት ሳሩን ይውጠዋል። ቀጥሎ ጫካ ይሆናል። ጫካ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ቦታው የተጠበቀለት አበባና ቢራቢሮ ጥላ ውስጥ አይኖርም። ያዩት የቁጥቋጦ ክምርም የዚሁ ሥራ ሌላ ክፍል ነው። ከብቱ በጥርሱ ያልቻለውን ሰው በመጋዝ ይቆርጠዋል።

ስለ ጓሳ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቄሮ የሚባለው፣ የአካባቢው ሰው ሳሩን በጋራ የሚጠብቅበት የጥንቱ ሥርዓት ጓሳን ለዘላለም አልዘጋውም። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል። ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፣ ከብትም በተራው ይገባል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ዋናው ነገር «መቼ ይገባል? ምን ያህልስ ይወስዳል?» የሚለው ነበር። ቦክስ ሂልም የሚተዳደረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ እዚህ ትልቁ ስጋት ሳሩ አለመበላቱ መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ እዚያ የረገጡት ቀጭን ሳር የጓሳ ሳር ዘመድ ነው። ሁለቱም ፌስቱካ ከሚባለው ወገን ናቸው።

«ከብት አይግባ» የሚለው ሕግ በአገራችን ልክ የሆነበት ምክንያት አለው። ተራራው ተራቁቷል፣ አፈሩ በጎርፍ ሄዷል። ስለዚህ ይከለላል፤ መጀመሪያ የሚፈለገው መሬቱ እንዲሸፈን ነው። የጠመኔ ሳር ምድር ችግሩ ሌላ ነው። እዚህ ሽፋን ሞልቷል። የሚፈለገው ብዙ ዓይነት ተክል በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ እንዲኖር ነው።

ይህን ለመረዳት ድንጋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጠመኔ ያው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምናውቀው ጠመኔ ነው። እዚያ ግን ኮረብታው በሙሉ ከእሱ የተሠራ ነው። ከ100 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን ያ አገር ባሕር ነበር። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርድ ነበር። ያ ደቃቅ ነጭ ዱቄት ለሚሊዮኖች ዓመታት ተደራርቦ ድንጋይ ሆነ። ልጆችዎ ሲሄዱ የሎሚ ቁራጭ ይያዙ። መንገዱ ላይ ያለ ነጭ ድንጋይ ላይ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ሲያወጣ ያያሉ። ያ አረፋ ከዚያ ከጥንቱ የባሕር ፍጥረት ቅርፊት የሚወጣ ጋዝ ነው።

ከጠመኔው በላይ ያለው አፈር ስስ ነው። ውሃ አይዝም፣ ቶሎ ይሰርጋል። ምግብም የለውም። የገበሬ ልጅ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ትላለች። ዋጋው ያለው ድህነቱ ላይ ነው። አፈር ሲለማ ሁለት ሦስት ጉልበተኛ ሳሮች ሽቅብ ይመዘዙና ሌላውን በጥላ ይገድሉታል። ድሃ አፈር ላይ ግን ማንም ጉልበት አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሆኖ አብሮ ይኖራል። ጥሩ የጠመኔ ሳር ምድር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ እስከ 40 የሚደርሱ የተክል ዓይነቶች ይገኛሉ። ከለንደን በስተሰሜን ሮተምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ ከ1856 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳር ላይ የማዳበሪያ ሙከራ እየተካሄደ ነው። ማዳበሪያ ያላገኘው ቁራጭ መሬት በዝርያ ሀብታም ሆኖ ቀጥሏል። ናይትሮጅን በብዛት የገባበት ግን ለጥቂት የሳር ዓይነቶች ብቻ ቀረ። ስለዚህ «ለምለም» ማለት እዚህ ምስጋና አይደለም። የጠመኔ ኮረብታ ላይ ረጅምና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሳር ካዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህ ሳር ምድር የሰው እጅ ያለበት ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ጫካውን መንጥረው በግና ከብት አሰማሩበት። ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ከያዙት ከኖርማኖች ዘመን ጀምሮ ጥንቸል ተጨመረ። በ1953 ሚክሶማቶሲስ የሚባል የጥንቸል በሽታ እንግሊዝ ገባና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ገደማ ጨረሰ። ሰው «ጥንቸል ቢያልቅ ሳሩ ያርፋል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሆነው ተቃራኒው ነው። እሾሃማ ቁጥቋጦ ኮረብታውን ወረሰው። በዚያ ላይ ማረሻና ማዳበሪያ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንግሊዝ ከጠመኔ ሳር ምድሯ 80 በመቶ ገደማውን አጥታለች። ቦክስ ሂል የተረፈው ቀደም ብሎ ስለተያዘ ነው። ሊዮፖልድ ሳሎሞንስ የሚባል ባለጸጋ ገዝቶ በ1914 ናሽናል ትረስት ለሚባለው የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠው።

ስለ አጥርና ስለ ከብት ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምነግረው የአንዲት ቢራቢሮ ታሪክ አለ። ላርጅ ብሉ ትባላለች። ትሏ መጀመሪያ የምትበላው የጦስኝ አበባ ነው፤ ያው እርስዎ ያሸተቱት ተክል። ትንሽ ካደገች በኋላ መሬት ትወድቃለች። አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሱ ልጅ መስላው ተሸክሞ ጎጆው ያስገባታል። እዚያ አሥር ወር ያህል የጉንዳኑን እጮች እየበላች ታድጋለች። ቢራቢሮዋ እየጠፋች ስትሄድ ሰዎች «ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ናቸው የጨረሷት» ብለው አንዳንዱን ቦታ አጠሩት። አጥሩ ሰውን ብቻ አላስቀረም፤ ከብቱንም አስቀረ። ሳሩ አደገ። ጄረሚ ቶማስ የሚባል ተመራማሪ ዓመታት ፈጅቶ ምክንያቱን ደረሰበት። ሳሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲረዝም አፈሩ ይቀዘቅዛል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ያ ጉንዳን ይሸሻል። ጉንዳኑ ከሌለ ቢራቢሮዋ የለችም። መልሱ ሲገኝ ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ1979 ከብሪታንያ ጠፋች። ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን መጥታ፣ በትክክል የተጋጡ የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ኮረብታዎች ላይ ተለቀቀች። ዛሬ በሕይወት አለች። ቦክስ ሂል ላይ አያገኟትም። ዘመዶቿን ግን ያገኛሉ።

ወደ ልጆቹ ጥያቄ ልምጣ። «እንስሶቹ የታሉ?» ላሉት መልሱ «እግራችሁ ሥር» ነው። ልጆችዎ የጠበቁት ትልቅ እንስሳ ነው መሰለኝ። መንዝ ላይ ቆሞ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት ለለመደ ሰው ይህ ይገባኛል። የጠመኔ ሳር ምድር ግን ቆሞ የሚታይ ቦታ አይደለም። ተንበርክኮ የሚታይ ነው። እኔ ሰው ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው በሲባጎ አንድ ካሬ ሜትር ከልዬ እዚያች ውስጥ ብቻ መቁጠር ነው። ልጆች ይህን ይወዳሉ። አንዱ ቅጠል ይቆጥራል፣ አንዱ ነፍሳት ይቆጥራል። ርካሽ አጉሊ መነጽር ካለ ደግሞ ግማሽ ቀን ያለቅሬታ ያልፋል።

ሌላው ስህተት ጊዜው ነው። በፋሲካ ሰሞን ነፋሻ ቀን ላይ ሄደው ምንም አላዩም፤ ማንም ቢሄድ አያይም። ቢራቢሮ ደመ ቀዝቃዛ ናት። ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ ወይም ፀሐይ ሳይኖር ሲቀር፣ ሳር ውስጥ ተጣብቃ ትቀመጣለች። አበባውም ያን ጊዜ ገና ቅጠል ነው።

ጁን ላይ ቢሄዱ የኦርኪድ ጊዜ ነው። ቢ ኦርኪድ የሚባለው ከንፈሩ ልክ ሴት ንብ ይመስላል። ተፈጥሮ ይህን የሠራችው ወንድ ንብ ለማታለል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን አበባው ንብ ሳይጠብቅ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ደቃቅ ነው። ስንቅ ስለሌለው ከአፈሩ ውስጥ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። አብቅሎም እስኪያብብ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ የቀጠፈው አበባ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። በዚያው ጊዜ የሎው ራትል የሚባል ባለ ቢጫ አበባ ተክል ያያሉ። ይህ ከአቀንጭራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ ማሽላ ከሚያጠፋው ከእኛው አቀንጭራ ጋር። ሥሩን የሳር ሥር ውስጥ ሰክቶ ይመጠምጣል። አገር ቤት የተረገመው ወገን እዚህ ይወደዳል፤ ጉልበተኛውን ሳር አድክሞ ለሌሎች አበቦች ቦታ ስለሚከፍት ነው። ምሽት ላይ ዕድል ከቀናዎት ደግሞ አብሪ ትል ይኖራል። ክንፍ የሌላት ጥንዚዛ ናት፤ ሳር ላይ ወጥታ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። እጯ የምትኖረው ቀንድ አውጣ እየበላች ነው።

ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ደግሞ የቢራቢሮ ጊዜ ነው። ዋናዋ ቻክሂል ብሉ ትባላለች። ወንዱ ፈካ ያለ የሰማይ ሰማያዊ ነው። ትሏ ሆርስሹ ቬች ከሚባል አንድ ተክል ሌላ አትበላም፤ የማገጥ ዘመድ የሆነ ባለ ቢጫ አበባ ነው። ተክሉ የሚወደው አጭር ሳርና ጠመኔ ነው። ስለዚህ ላም፣ ጠመኔ፣ ቢጫ አበባ፣ ሰማያዊ ቢራቢሮ አንድ ሰንሰለት ናቸው። ጉንዳንም አለበት። ትሏ ጣፋጭ ፈሳሽ ታመነጫለች፣ ጉንዳኖቹም እሱን እየላሱ ከጠላት ይጠብቋታል። ልጆችን በጣም የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። ወንዶቹ ጨው ፍለጋ እበት ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ደግሞ አዶኒስ ብሉ ለዓመቱ ሁለተኛ ጊዜ ትወጣለች፤ የወንዱ ሰማያዊነት ዓይን ይወጋል። እግረ መንገድዎን ብርቱካንማ ክንፍ ያላት፣ ጫፏ ጥቁርና ነጭ ጠብታ ያለባት ፔይንትድ ሌዲ ካዩ ለልጆቹ ይንገሯቸው። የእሷ ወገን ከአፍሪካ ተነሥቶ በተከታታይ ትውልድ እንግሊዝ ድረስ የሚደርስ ነው። በ2009 እና በ2019 በገፍ መጥተው ነበር።

ቦታ ስለመምረጥ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቦክስ ሂል ባቡር አለው፤ ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል የሚባል ጣቢያ ላይ ይወርዳሉ። ግን ከሸለቆው ወደ ላይ ያለው ደረጃ ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። የሕፃን ጋሪ ከሆነ አይሞከርም። በመኪና ከሄዱ ላይ ድረስ ይወጣሉ። ትንሿ ልጅ መራመድ የምትሰለች ከሆነ ፋርዚንግ ዳውንስ ይሻላል። ኩልስደን ሳውዝ ጣቢያ አጠገብ ነው፣ የኮረብታው ጀርባ ረጋ ያለ ነው፣ ስካይላርክ የምትባለው ወፍም እየዘመረች ሽቅብ ስትወጣ ይሰማል። ብዙ ወገኖቻችን ለፎቶ የሚሄዱበት ሰቨን ሲስተርስ የሚባለው የባሕር ዳር ነጭ ገደልም ላዩ የጠመኔ ሳር ምድር ነው። እዚያ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የገደሉ ጫፍ ጠንካራ መስሎ ይታያል እንጂ ጠመኔው ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ከጫፉ ብዙ ሜትር ይራቁ፤ ከሥሩም አይቀመጡ። ትንንሽ ልጆች ይዘው ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አይምረጡ።

ቦክስ ሂልም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ዝናብ ከዘነበ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። ጥላ የለም፣ ስለዚህ ኮፍያና ውሃ አይርሱ። ጠመዝማዛው መንገድ በ2012 ኦሎምፒክ የብስክሌት ውድድር የተካሄደበት ነው። ቅዳሜና እሁድ ብስክሌተኛ በፍጥነት ይወርዳል፤ ልጆቹን እጅ ይዘው ያሻግሩ። ጥጃ ያላት ላም አጠገብ አይሂዱ። በር ከፍተው ካለፉ ይዝጉ። ፍርፋሪና የምግብ ትርፍ አይተዉ። ውሻ ያለው ሰው ዓይነ ምድሩን ያንሳ፤ ያ ማዳበሪያ ነው፣ ማዳበሪያ ደግሞ እዚህ መርዝ ነው። ሳር ውስጥ ያሉትን የጉንዳን ኩይሳዎች ልጆች አይዝለሉባቸው። አንዳንዱ ኩይሳ ከአያቶቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ነው።

መዥገር አለ። ማታ ቤት ሲገቡ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት ኋላና የፀጉር ጠርዝ ይፈትሹ። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተው ይያዙና ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የለም። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ክብ ቅላት ከታየ ሐኪም ይየው፤ ላይም የሚባለው በሽታ በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። እፉኝትም አለች፤ በብሪታንያ ያለችው ብቸኛ መርዘኛ እባብ ናት። ዓይን አፋር ናት፣ ካልረገጧት ወይም ካልያዟት አትነክስም። ከነከሰች ቁስሉን አይብጡ፣ በጨርቅም አጥብቀው አይሰሩት፣ ወደ ድንገተኛ እርዳታ 999 ይደውሉ። ሌላው፣ ልጆች ትልቅ ክሬም መልክ ያለው ቀንድ አውጣ ካገኙ አይተውት ይለፉ። ሮማን ስኔይል የሚባለው ነው። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ መውሰድ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። እንደገና ይሂዱ፣ ቦክስ ሂልንም አይቀይሩ። ግን ኦገስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይሁን፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ቀኑን አስቀድመው አይቁረጡ። ትንበያውን እያዩ ፀሐያማና ነፋስ የሌለበት ቀን ሲመጣ ይነሡ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሳሎሞንስ መታሰቢያ በታች ያለው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ተዳፋት ላይ ይቀመጡ። ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ኪሎ ሜትር ሳይቆጥሩ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ሩቅ ከመሄድ እዚያው መቀመጥ ብዙ ያሳያል።

ጦስኙን አይልቀሙ። የሸተተዎት እውነተኛ ጦስኝ ነው፤ ከእኛው ጋር የአንድ ወገን ነው፣ ሽታው ግን ደከም ያለ ነው። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንኛውንም የዱር ተክል ከነሥሩ መንቀል ይከለክላል። ጥብቅ ቦታ ላይ ደግሞ ቅጠሉንም መቀንጠስ አይገባም። ያን አበባ የሚጠብቁ ነፍሳት አሉ፤ በዚያ ላይ ውሻ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ሻይ ካማረዎት ከአትክልት መሸጫ አንድ ችግኝ ይግዙ። ጠጠርና አሸዋ የበዛበት አፈር ባለው ማሰሮ ይትከሉት፣ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ያስቀምጡት፣ ውሃ አያብዙበት። ማዳበሪያ ጭራሽ አይጨምሩ፤ ሽታው ይደክማል።